ጥላ የሄደችው ሠራተኛ ምን ብላ ነበር?
ስለ ፋብሪካ ሕይወት በቀረቡ ሦስት ሥራዎች ላይ የተደረገ ሒሳዊ ዳሰሳ

በልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሸሚዝ የሚሰፋበት መሥመር እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው። አንዷ ኮሌታውን ትሰፋለች፤ ሌላዋ እጅጌውን ትገጥማለች፤ ሦስተኛዋ የቁልፍ ቀዳዳውን ታወጣለች። ከመካከላቸው የአንዷ ወንበር ባዶ የሆነ ዕለት ከእርሷ በፊት ያለው ሥራ ይከመራል፤ ከእርሷ ቀጥላ የምትሠራዋ እጇን አጣምራ ትቀመጣለች። ተቆጣጣሪው "የት ሄደች?" ብሎ ይጠይቃል። "እንጃ" ይሉታል። በማግሥቱ ወይም በሳምንቱ ሌላ ልጅ በዚያው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ በሠራተኞች መዝገብም ላይ "ለቀቀች" የምትል አንዲት ቃል ትሰፍራለች።

ይህች አንዲት ቃል የኢትዮጵያን የኢንዱስትሪ ውጥን የተከታተሉትን ሁሉ ስታነጋግር ቆይታለች። ባለሀብቱ "ሠራተኛ አይረጋም" ሲል ያማርራል። ሹሙ "የሥራ ባህላችን ገና አልዳበረም" ይላል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ በመቶኛ ይሰፍራታል፤ የፊልም ባለሙያው በካሜራ ይከተላታል። በዚህ ጉዳይ ላይ ከቀረቡት ሥራዎች መካከል ሦስቱ ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው በ2018 የታተመው የክሪስቶፈር ብላትማንና የስቴፋን ዴርኮን ጥናት ነው። ሁለተኛው በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን የንግድና የሰብአዊ መብት ማዕከል በ2019 ያወጣው፣ ፖል ባሬትና ዶሮቴ ባውማን-ፖሊ የጻፉት ዘገባ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በ2024 ለተመልካች የበቃው የሺንያን ዩና የማክስ ደንከን ዘጋቢ ፊልም ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስቱም የየራሳቸው ብርታት አላቸው፤ ሳይነበቡና ሳይታዩ ስለ ፋብሪካ ሠራተኛ ኑሮ መናገር ዛሬ የሚቻል አይደለም። ይሁን እንጂ ሦስቱን የሚያመሳስል አንድ ጉድለት አለ። የሄደችውን ሠራተኛ ቆጥረዋታል፤ አይተዋታል፤ አዝነውላታልም። መሄዷ ራሱ ንግግር መሆኑን ግን በሚገባ አላደመጡም።

ሁለት በር ያለው ቤት

የብላትማንና የዴርኮን ጥናት ትልቁ ብርታት ቅንነቱ ነው። ሁለቱ ምሁራን ሲነሡ የፋብሪካ ሥራ ለድኻው የተሻለ መንገድ መሆኑን ይጠብቁ ነበር፤ ያገኙት ውጤት ይህን ግምት ባፈረሰባቸው ጊዜ ሳይሸሽጉ በ2017 በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ጭምር ጽፈውታል። የሄዱበት ዘዴም የሚያስመሰግን ነው። የመጠጥ፣ የጫማ፣ የጨርቃ ጨርቅና ልብስ ፋብሪካዎች እንዲሁም የአትክልትና የአበባ እርሻዎች በሚገኙባቸው አምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱትን፣ ቁጥራቸው ወደ 1,000 የሚጠጋ ሰዎች፣ በዕጣ ለሦስት ከፈሏቸው። ለአንዱ ክፍል ሥራው ተሰጠው። ለሁለተኛው 300 ዶላር ያህል ገንዘብና አጭር የንግድ ሥልጠና ተሰጠው። ሦስተኛው ክፍል ምንም ሳይሰጠው ለማነጻጸሪያ ቆየ።

ውጤቱ ብዙዎችን አስደንግጧል። ሥራውን ካገኙት መካከል ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ለቀቁ፤ ዓመት ሳይሞላ የለቀቁት 77 በመቶ ደረሱ። የፋብሪካው ደመወዝ ከመንደር የቀን ሥራና ከጉልት ገቢ የሚበልጥ አልነበረም። ከዚህም የከፋው የጤናው ነገር ነው፤ ለፋብሪካ ሥራ ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች ከዓመት በኋላ ለከባድ የጤና ችግር የመጋለጣቸው መጠን ከሌሎቹ ወደ እጥፍ የተጠጋ ሆኖ ተገኘ። ገንዘቡን የወሰዱት ግን በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በ33 በመቶ ከፍ አለ። ከአምስት ዓመት በኋላ በተደረገው ክትትል ደግሞ ይህ ሁሉ ልዩነት ደብዝዞ ሦስቱም ወገኖች ተቀራርበው ተገኙ።

ይህ ጥናት "የኢትዮጵያ ሠራተኛ ሰነፍ ስለ ሆነ አይረጋም" የሚለውን አሉባልታ በቁጥር የመታ ነው። ሠራተኛው የሚለቀው አስቦና አስልቶ መሆኑን አሳይቷል፤ ፋብሪካውን ብዙዎቹ ያዩት ሌላ ነገር እስኪገኝ ድረስ እንደሚጠለሉበት ቤት እንጂ እንደ ዘላቂ እንጀራ አልነበረም። ለዚህም ሊመሰገን ይገባዋል።

ጉድለቱ የሚታየው በመልሱ ላይ ሳይሆን በጥያቄው አሠራር ላይ ነው። ጥናቱ ለሰዎቹ ያቀረበላቸው ቤት ሁለት በር ብቻ ያለው ነው፦ አንዱ በር ወደ ፋብሪካው፣ ሌላው ወደ ግል ንግድ የሚያስገባ። በሁለቱም በር የሚገባው ሰው ብቻውን ነው። ሦስተኛ በር ሊኖር ይችል ነበር፤ ያው ፋብሪካ፣ ያው ማሽን፣ ነገር ግን ሠራተኛው ከጓደኞቹ ጋር ተማክሮ ስለ ደመወዙ፣ ስለ ጭሱና ስለ ፈረቃው ከአሠሪው ጋር የሚነጋገርበት። እርግጥ ነው፣ ማኅበር በዕጣ የሚታደል ነገር አይደለም፤ ለተመራማሪም እንደ 300 ዶላር በፖስታ ታሽጎ አይሰጥም። ይሁን እንጂ ጥናቱ ሊመዝነው ያልቻለው ነገር እንደሌለ ሆኖ መቆጠሩ አንባቢውን ያሳስታል። ጥናቱን አንብቦ የጨረሰ አንባቢ በእጁ የሚቀረው አማራጭ ወይ መታገሥ ወይ መሄድ ነው። መናገር የሚባል ሦስተኛ ነገር መኖሩ አይታወሰውም።

የ26 ዶላሩ ሰንጠረዥ

የስተርን ማዕከል ዘገባ የተጻፈው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ተመርቆ ከተከፈተ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። በዘመኑ በፓርኩ 25,000 ያህል ሠራተኞች ነበሩ፤ ሲሞላ ግን 60,000 እንደሚይዝ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ዘገባው አንድን ቁጥር ከሐዋሳ አውጥቶ ለዓለም አሰማ፤ የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነው። የኬንያው በ207፣ የባንግላዴሹ በ95 ዶላር ከጎኑ ተቀመጠ። መንግሥት ለባለሀብቶች እንደ መስሕብ ያቀረበው የርካሽ ጉልበት ነገር በአንድ ሰንጠረዥ ላይ እንደ ነውር ተነበበ።

ዘገባው የሠራተኛውን ፍልሰትም በግልጽ አስቀምጧል፤ ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይተካሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዛሬ መቶ ሴቶች ያሉበት የስፌት መሥመር በመጪው ዓመት በዚሁ ወቅት መቶ ሌሎች ሴቶች ይኖሩበታል ማለት ነው። እጅ እስኪፈታ የሚፈጀው ጊዜ፣ የሚበላሸው ጨርቅ፣ የሚዘገየው ትእዛዝ ሁሉ ከዚሁ ይመነጫል። ባለሀብቱ በደመወዝ ያዳነውን ገንዘብ በማሠልጠን ይከፍለዋል፤ ያም ሆኖ ሁለተኛው ወጪ "ደመወዝ" በሚለው ዓምድ ሥር ስለማይጻፍ አያንገበግበውም።

ዘገባው ለፍልሰቱ የሚሰጣቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፦ የደመወዙ ማነስ፣ የሥልጠናው ጉድለት፣ ከእስያ በመጡ ተቆጣጣሪዎችና ከገጠር በመጡ ወጣት ሴቶች መካከል ያለው የባህል ልዩነት። ከእነዚህ መካከል ባህል የሚለው ተነጥሎ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ለመምታት ነው። ዘገባው ራሱ ደመወዝን ከፍ አድርጎ ስላስቀመጠ በዚህ አይከሰስም፤ ከእርሱ በኋላ የጠቀሱት ብዙዎች ግን የባህሉን ምክንያት ይዘው የደመወዙን ለቀቁት።

የዘገባው ድካም ሌላ ቦታ ነው። ዋናው ምክሩ መንግሥት ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንዲደነግግ ነው፤ ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን የሚናገረው ለመንግሥት፣ ለልብስ ገዢዎቹ ኩባንያዎችና ለፋብሪካ ባለቤቶች ነው። ሠራተኛዋ የነገሩ ሁሉ መነሻ ሆና ሳለ ከተመካሪዎቹ ወገን አልተቆጠረችም። ደመወዟን ሌሎች እንዲያስቡላት ይመከራል፤ እርሷ ራሷ ወንበር ስባ የምትቀመጥበት ጠረጴዛ ግን አይታይም።

ካሜራው የማይደርስባት

የሺንያን ዩና የማክስ ደንከን ፊልም ከዘገባው ጋር ስሙን ይጋራል፤ ሁለቱም "በኢትዮጵያ የተሠራ" ተብለዋል። ፊልሙ ወደ ዱከም፣ ወደ ቻይናውያኑ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ይወስዳል። ሦስት ሴቶችን ጎን ለጎን ያቆማል፦ 30,000 የሥራ ዕድል ይፈጥራል የተባለለትን ማስፋፊያ ለማሳካት የምትሯሯጠውን ቻይናዊት ሥራ አስኪያጅ፣ መሬቷን ለዞኑ የለቀቀችውን ገበሬ፣ እንዲሁም ከማሽኑ ኋላ የተቀመጠችውን ወጣት ሠራተኛ። ወረርሽኝና ጦርነት የተፈራረቁባቸውን ዓመታት በትዕግሥት ተከታትሏል።

የፊልሙ ትልቅነት ማንንም ጭራቅ አለማድረጉ ነው። ሥራ አስኪያጇ ልጅ ያላት፣ የምትደክም፣ የምታምንበትን የምትሠራ ሰው ናት። በአፍሪካ ስላሉ ቻይናውያን ከሚሠሩ ፊልሞች ብዙዎቹ ወይ ሲያወድሱ ወይ ሲኮንኑ፣ ይህኛው ሁለቱንም ወገን በአንድ ዐይን ለማየት ጥሯል። የገበሬዋና የሠራተኛዋ ታሪክ ጎን ለጎን መቆሙም አስተዋይነት ነው። የመሬቱና የደመወዙ ጥያቄ የአንድ ቤት ጥያቄ ነውና፤ እናት ማሳዋን በተነጠቀችበት ቦታ ልጅ ለወር ደመወዝ ትሰለፋለች።

ይሁን እንጂ የዘጋቢ ፊልም ሕግ ራሱ አንድ ነገር ይከለክላል። ለዓመታት የሚቀረጽ ፊልም ገጸ ባሕርይ ይፈልጋል፤ ገጸ ባሕርይ ደግሞ መቆየት አለባት። ቁጥሩ እንደሚነግረን የተለመደችዋ ሠራተኛ ዓመት አትሞላም። በሁለተኛው ወር ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ ወደ አገሯ የተሳፈረችውን፣ ወይም ፓስፖርት አውጥታ ወደ ዐረብ አገር የሄደችውን ካሜራው ሊይዛት አይችልም። ስለዚህ በማያ ገጹ ላይ የምናያት ሠራተኛ ምንም ያህል እውነተኛ ብትሆን፣ የብዙኃኑ ወካይ ልትሆን የማትችለው ቀርታ በመቆየቷ ነው። ይህ የሠሪዎቹ ጥፋት አይደለም፤ የጥበቡ ወሰን ነው። ተመልካቹ ግን ሊያውቀው ይገባል፤ ብዙዎቹ ከታሪኩ የወጡት ታሪኩ ሳይጀመር ነው።

መሄድም ንግግር ነው

አልበርት ሂርሽማን የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1970 ባሳተመው መጽሐፉ አንድ ቀላል ነገር አስተምሯል። ሰው በአንድ ድርጅት ቅር ሲሰኝ ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ይናገራል ወይ ይሄዳል። መናገሪያው ሲዘጋ መሄጃው ይሰፋል። ሪቻርድ ፍሪማንና ጄምስ ሜዶፍ በ1984 የአሜሪካን ሠራተኞች መርምረው ባሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ ማኅበር ባለበት ቦታ ሥራ የሚለቀው ሰው ቁጥር ደመወዝ እኩል በሆነበት ጊዜ እንኳ አነስተኛ መሆኑን አሳይተዋል። ማኅበር ሰውን የሚያቆየው በገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ቅሬታ የሚሰማበት ቦታ ስለሚሰጥም ነው። ቪንሰንት ሃርዲና ዮስታይን ሃውጌ ይህንኑ የሂርሽማን ሐሳብ በ2019 በአፍሪካን አፌርስ መጽሔት ላይ ወደ ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ቆዳ ፋብሪካዎች አምጥተውታል። ሦስቱ ሥራዎች የጎደላቸው መነጽር ይህ ነው።

የ"ባህል" ክስም በዚህ መነጽር ሲታይ ይፈርሳል። በ1913 በዲትሮይት ከተማ የሄንሪ ፎርድ የመኪና ፋብሪካ 14,000 ያህል ሠራተኞችን በሥራ ላይ ለማቆየት በዓመቱ ከ52,000 በላይ ሰዎችን መቅጠር ነበረበት። ይህ ሐዋሳ ላይ ከታየው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፍልሰት ነው። በጥር 1914 ፎርድ የቀን ክፍያውን ወደ 5 ዶላር ከፍ አድርጎ የሥራውን ሰዓት ወደ ስምንት ሲያወርድ የፍልሰቱ ማዕበል ጋብ አለ። የዲትሮይት ሠራተኛ ባህል በአንድ ጥር ወር አልተለወጠም፤ የተለወጠው ደመወዙ ነው። ሆኖም የዚህ ታሪክ ሁለተኛ ምዕራፍም መዘንጋት የለበትም። ፎርድ ደመወዝ ቢጨምርም ማኅበርን እስከ 1941 ድረስ አልተቀበለም፤ በዚያው ዓመት ሠራተኞቹ ሥራ ካቆሙ በኋላ ነው ውል የፈረመው። ከላይ በችሮታ የወረደ ደመወዝ ከላይ ሊነሣም እንደሚችል ሠራተኞቹ ያውቁ ነበርና።

ከእድር ወደ ማኅበር

የኢትዮጵያ ሠራተኛ መናገር የማያውቅ ቢሆን ኖሮ የወንጂ ታሪክ ባልኖረ ነበር። የሆላንድ ኩባንያ ያቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 ምርት ከጀመረ በኋላ ሠራተኞቹ የማኅበር ሕግ ሳይኖራቸው ደጋግመው አድመዋል። በዚያን ዘመን በተለያዩ ድርጅቶች ይሠሩ የነበሩ ሰዎች በእድርና በመረዳጃ ማኅበር ስም ይሰባሰቡ እንደነበር የታወቀ ነው። ለቀብር የተዋጣ ገንዘብ፣ ለለቅሶ የተተከለ ድንኳን ስለ ደመወዝ መመካከሪያም ሆነ። በ1963 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲመሠረትና የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ሲጸና፣ ሕጉ የፈጠረው አዲስ ነገር ሳይሆን በእድር ስም ይኖር የነበረውን በስሙ መጥራት ነበር። ያ ማኅበር በመጋቢት 1974 ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠርቶ አገሪቱን ቀጥ አደረገ። ደርግ በዓመቱ አፈረሰው፤ በ1977ም በራሱ መልክ የተቀረጸ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበርን አቆመ። ዛሬ ያለው ኢሠማኮ በ1993 እንደገና የተዋቀረው ነው።

ወንጂን ከሐዋሳ ጋር ማነጻጸር አንድ ቁም ነገር ያወጣል። እድር የሚገባ ሰው "እዚህ እኖራለሁ፤ እዚህም እቀበራለሁ" ያለ ሰው ነው። የወንጂ ቋሚ ሠራተኛ ኩባንያው በሠራው መንደር ውስጥ ከሥራ ባልደረባው ጋር ጎረቤት ሆኖ፣ ልጅ ወልዶ፣ ክርስትና አንሥቶ የሚኖር ነበር። የሐዋሳዋ ወጣት ግን ከሦስትና ከአራት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ በየቀበሌው ተበትና ትኖራለች። ዕቁብ ትጥል ይሆናል፤ ዕቁብ በወራት ያልቃልና። እድር ግን አትገባም። እዚህ አልሞትም ብላ የመጣች ልጅ ናት።

አዙሪቱም ከዚህ ይጀምራል። ደመወዙ ዝቅ ስላለ ሠራተኛዋ ትለቃለች። ስለምትለቅ ማኅበር አይቋቋምም፤ አባላት ተመዝግበው፣ መሪ ተመርጦ፣ ማኅበሩ ዕውቅና አግኝቶ ለድርድር እስኪቀርብ ድረስ የፈረሙት ግማሾቹ ሄደዋል። ማኅበር ስለሌለ ደግሞ ደመወዙ እንደ ዝቅታው ይቀጥላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ምሳሌ ክር ሲፈትሉና ሲሰፉ ለሚውሉት ለእነዚህ ሴቶች አዲስ አይደለም። የቸገራቸው ድሩ ሳይገመድ መበጣጠሱ ነው።

ሕጉ አይጎድልም። ኢትዮጵያ የመደራጀት ነፃነትንና የጋራ ድርድርን የሚመለከቱትን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነቶች ቁጥር 87ንና 98ን በ1963 አጽድቃለች። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 የመደራጀት፣ የመደራደርና ሥራ የማቆም መብትን ይሰጣል። በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዐሥር ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር እንዲቋቋም ይፈቅዳል፤ ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋምም ይናገራል። አዋጁ ከወጣ አምስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ግን ለግሉ ዘርፍ የተቆረጠ ወለል አልታየም። ለስፌት ሠራተኛዋ ይህ ቦርድ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኖባታል። መናገሪያው በወረቀት ተከፍቶ በተግባር ሲጠብ፣ በ2019 መጀመሪያ በሐዋሳ እንደታየው ያለ ማኅበር የሚፈነዳ የሥራ ማቆም ይከተላል። እንዲህ ያለው አድማ መሪ ስለሌለው ስምምነትም አይኖረውም፤ ሲበርድ ያዘኑት ይሄዳሉ።

የጎረቤት አገር ልምድም ይህንኑ ይመሰክራል። በኬንያ ዝቅተኛ ደመወዝ በመንግሥት ትእዛዝ ይወሰናል፤ በዚያ ላይ ግን የአቲ ሪቨርና የናይሮቢ የወጪ ንግድ ቀጠና ሠራተኞች በ2003 መጀመሪያ፣ ከመንግሥት ለውጥ ማግሥት፣ በሺዎች ሆነው ሥራ አቁመዋል። የደመወዝ ወለል መኖሩ ብቻውን የመናገሩን ጥማት አላረካውም። በሞምባሳ መንገድ ከሚያልፉት የአገራችን ሰዎች ብዙዎቹ የእነዚያን ፋብሪካዎች አጥር ያውቁታል።

የሚነሣው ተቃውሞ

ለዚህ ሁሉ የተለመደ መልስ አለ፤ "ደመወዝ ከጨመረ ፋብሪካው ይነሣል" የሚል። መልሱ ባዶ አይደለም። የአንድ ጀማሪ ሠራተኛ ምርት ከሌላ አገር ባለ ልምድ ሠራተኛ ምርት ያነሰ ነው፤ ወደብ ሩቅ ነው፤ ጨርቁም ቁልፉም ዚፑም ከውጭ ይገባል። ማኅበር ትእዛዝ አያመጣም፤ መርከብም አያፋጥንም። ይህን የማያምን የሠራተኛ ወዳጅ ለሠራተኛው አይጠቅመውም።

ይሁን እንጂ የሆነው ነገር ሌላ ነው። ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሐዋሳ የነበረውን የራሱን ፋብሪካ በኅዳር 2021 ሲዘጋ የተነሣው ምክንያት ጦርነቱ ነበር። ኢትዮጵያ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስትወጣም ምክንያቱ ደመወዝ አልነበረም። ርካሽነት ከመነሣት አላዳነም። በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ ወንበር ያልነበራት ሠራተኛ ግን የጉዳቱ ተካፋይ ሆነች።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ የ"ለቀቀች" ትርጉም ራሱ ተለውጧል። የኑሮ ውድነት በየዓመቱ ሲንር፣ በሐምሌ 2024ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ በብር የሚከፈለው ደመወዝ በዶላር ሲሰፈር ይበልጥ አነሰ። ሥራ ሲጠፋ ሰው አይለቅም። ነገ አንድ ዘገባ "ፍልሰቱ ቀነሰ" ብሎ ቢያበሥር አንባቢው ከመደሰቱ በፊት ይጠይቅ፤ የቀነሰው ተስማምቷቸው ነው ወይስ መሄጃ አጥተው? ዝም ብላ የተቀመጠችም፣ ጥላ የሄደችም በአንድ ቁጥር ውስጥ ሊደበቁ ይችላሉ። የፍልሰት መቶኛ የፋብሪካውን ጤንነት መለኪያ ተደርጎ የሚቀርበው ይህ ሳይመረመር ነው።

ሦስቱ ሥራዎች መንገድ ጠርገዋል። አንደኛው ብዛቷን፣ ሁለተኛው ዋጋዋን፣ ሦስተኛው ፊቷን አሳይተዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ተመራማሪ ወይም ፊልም ሠሪ ከፋብሪካው በር ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ ቢጓዝ፣ ወደ መናኸሪያው፣ ወደ ቀዬዋ፣ ወደ ዐረብ አገሩ ቤት ድረስ ቢከተላት ሦስት ነገር ሊጠይቃት ይገባል። ከመሄድሽ በፊት ምን ተናግረሽ ነበር? ለማን ተናገርሽ? ምንስ ተመለሰልሽ? መዝገቡ ላይ የሰፈረችው አንዲት ቃል ከመጻፏ በፊት የተባለ ነገር ነበርና።